ሸኖ ላይ የደረቁ ወረቀቶች

ሰኔ ሲገባ ትምህርት ቤቶቻችን ሽር ጉድ ይበዛባቸዋል። ፈተና ያልቃል፣ የወላጆች ቀን ይደርሳል፣ ግቢው ይጠረጋል፣ የዛፉ ግንድ ሁሉ እስከ ወገቡ ኖራ ይቀባል። በዚህ ግርግር መሀል ከአማርኛ መምህራን አንዱ ብድግ ይልና «ዘንድሮስ የድርሰት ውድድር ይኑረን» ይላል። በጀት አይጠይቅም፣ የትርፍ ሰዓት ክፍያ የለውም፤ ወረቀቱንም ብዙ ጊዜ ከኪሱ ነው የሚገዛው። እኔ እነዚህን መምህራን ከልቤ እወዳቸዋለሁ። ጥሪያቸው ሲደርሰኝ እምቢ ማለት አይሆንልኝም። ዛሬ የማወጋችሁ የደብረ ብርሃን ጉዞም የመጣው በዚሁ መንገድ ነው።

እዚያ የሚያስተምር አንድ ወዳጄ የ9ኛና የ10ኛ ክፍል ተማሪዎቹን ድርሰቶች በካርቶን አሽጎ አዲስ አበባ ላከልኝ። «ከአንድ የምታምነው ሰው ጋር ሆናችሁ ዳኙልኝና ውጤቱን ይዘህ ለወላጆች ቀን ና» አለኝ። ከካርቶኑ ጋር የመዳኛ መስፈርት ተያይዟል፤ መስፈርቱን ያወጣው እሱ ሳይሆን ኮሚቴ ነው። ግማሹ ነጥብ ለእጅ ጽሕፈት፣ ለንጽሕናና ለሥርዓተ ነጥብ ተደልድሏል። ከቀሪው ላይ ደግሞ መግቢያ፣ ሐተታና መደምደሚያ የየድርሻቸውን ይወስዳሉ። ልጁ ስላለው ነገር፣ አይቶ ስለነገረን ነገር የተመደበው ትርፍራፊ ነው።

ርዕሱ «የትምህርት ጥቅም» ይላል። ለሁሉም አንድ ርዕስ። ወረቀቶቹን ማንበብ ስንጀምር የመጀመሪያው «ትምህርት ለአንድ አገር ዕድገት ወሳኝ ነው» ይላል፤ ሁለተኛውም፣ ሦስተኛውም እንዲሁ። እንደዚህ ያለ ርዕስ ልጁን ምንም አይጠይቀውም። ያደገበትን ደጅ፣ ትናንት የሰማውን፣ ያስፈራውን፣ ያሳቀውን እንዲናገር አያደርገውም። እሱም የተባለውን ተመልሶ ይለናል፤ ሌላ ምን ያድርግ!

ከመሀል አንዲት ልጅ ግን ከዚያው ርዕስ በታች ስለ ውርጭ ጽፋለች። ደብረ ብርሃንን የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ ጥቅምትና ኅዳር ላይ ሰማዩ ጠርቶ ያደረ እንደሆነ ማለዳ ሜዳው ነጭ ሆኖ ይገኛል። ልጅቱ የምታወራው ከእንደዚያ ያለ ሌሊት በኋላ ስለነጋ አንድ ቀን ነው። አባቷ ጋቢውን ተከናንቦ ማሳው ዳር ቆሞ ነበር አለች። ባቄላው ገና እሸት ነው፤ ቅጠሉ እንደ ተቀቀለ ጎመን ጠቁሮ ተኝቷል። አባቷ አንዱን ዘለላ ቀንጥሶ በጣቱ ፈለፈለና ሳይቀምሰው ጣለው። ምንም አላለም። ቤት ሲገቡም ቁርስ አልቀረበም። እዚህ ላይ ስትደርስ እስክሪፕቶዋ የቆመ ይመስል አንድ መስመር ዘለለችና «በአጠቃላይ ትምህርት ለአገር ዕድገት ወሳኝ ነው» ብላ ዘጋችው።

በመስፈርቱ መሠረት ሲደመር ከሦስቱ ተሸላሚዎች ውስጥ አልገባችም። ስርዝ ድልዝ አለባት፣ ነጠላ ሰረዞቿም ጎድለዋል። ከመስፈርቱ ውጭ ግን እኔና ባልንጀራዬ አንድ ነገር አደረግን፤ በእያንዳንዱ ወረቀት ኅዳግ ላይ በእርሳስ አንድ አንድ ነገር ጻፍን። ለአንዱ «ይህን ሰው የት አየኸው?»፣ ለሌላዋ «ይቺ ዐረፍተ ነገር ያንቺ ናት፤ ሌሎቹን እንደሷ አድርጊያቸው»። ብዙ ምሽት በልቶብናል፤ ዛሬም ቢሆን የምሠራው ይህንኑ ነው።

በቀጠሮው ዋዜማ ካርቶኑን ታቅፌ ላምበረት መናኸሪያ ሄድኩ። የሚኒባሱ ረዳት ካርቶኑን ከእጄ ተቀብሎ ፖርቶ መጋላው ላይ ወረወረው። «ወረቀት ነው፣ ከላይ አይሆንም» አልኩት። «ጋሼ፣ አታስብ፣ ሸራ አለ» አለኝ። ሸራውስ ነበር፤ ያለበሰው ግን የራሱን የሽንኩርት ጆንያ ኖሯል። ሰንዳፋን አልፈን ጥቂት እንደሄድን ሰማዩ ጠቆረና የሰኔ ዝናብ ይወርድ ጀመር። ረዳቱን «አቁምና አውርድልኝ» ብለው «ደርሰናል» ይላል። ሸኖ መግቢያ ላይ የኋላው ጎማ ፈነዳ። ሁላችንም ወረድን፤ ካርቶኑም ወረደ፤ ሲወርድ ግን ቂጡ ተቀዶ ወረቀቱ አስፋልቱ ላይ ተዘረገፈ።

ያን ጊዜ የደረሱልኝ ሰዎች ውለታ አይረሳኝም። መንገድ ዳር ያለች የሻይ ቤት ባለቤት «ውይ በሞትኩት! የልጆች ደብተር ነው?» እያለች ነጠላዋን አገልድማ ወጣች። ተሳፋሪው፣ ሊስትሮው፣ ቅቤ ሸጣ የምትመለስ ሴት ሳትቀር ወረቀቱን ከጭቃው እየለቀመ ወደ ቤት አስገባ። ሴትዮዋ ሁለት የከሰል ምድጃ አቀጣጠለች። አግዳሚ ወንበሩ ላይ፣ ሰሌኑ ላይ፣ የስኳር ማዳበሪያ ላይ ወረቀት ተሰጣ። የሻይ ብርጭቆ ማስቀመጫ ጠፋ። አሁን የሚገርመኝ ነገር፣ በተራ ቢክ የተጻፈው አንዱም አልጠፋም፤ ርዕሳቸውን በማርከር ያሳመሩት ግን ርዕሳቸው ወይን ጠጅ ሆኖ ገጹን አጥለቀለቀው። በእርሳስ የጻፍነውም እንዳለ ነው፤ እርሳስ ውኃ አይፈራም።

ጎማው እስኪቀየር፣ መለዋወጫው ጎማም ነፋስ ስለሌለው ያ እስኪነፋ ድረስ፣ ሰው ሥራ ፈታ። ሥራ የፈታ ሰው ደግሞ ፊቱ የተዘረጋውን ያነባል። አንዱ ወረቀቱን ሲገለብጥ ዓይኑ ያርፍበታል፣ ያነበንባል፣ «ይሄን ስሙማ!» ይላል። «ትምህርት ለአገር ዕድገት» የሚሉትን እየጀመሩ ተዉአቸው፤ ማንም እስከ መጨረሻው የዘለቀ የለም። በኋላ የውርጯ ወረቀት እጁ የገባች አንድ የአይሱዙ ሾፌር፣ ወደ ደሴ ጭነት ይዞ የሚሄድ ሰው፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበባት። ቤቱ ጸጥ አለ።

«ጋሼ፣ ይቺ ልጅ የማን ናት?» አለኝ ሲጨርስ።

«አላውቃትም፤ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ናት።»

«ባቄላውን ውርጭ በላው አለችና ተወችው። ከዚያስ? ክረምቱን ምን በልተው ከረሙ?»

አጠገቡ የተቀመጡ ሁለት ገበሬዎች ነገሩን ነጠቁት። አንደኛው «ሰውዬው ቀድሞ መንቀል ነበረበት፤ ሰማዩ እንደዚያ ሲጠራ ውርጭ እንደሚጥል ማን ያጣዋል?» አለ። ሌላው «እሸት ነቅሎ ምን ሊያደርገው ነው? ለከብት ሊሰጠው?» ብሎ መለሰለት። ቅቤ ሻጯ ገብታበት «ወንድ ሁሉ እንደዚያ ነው፤ ዝም ብሎ ቆሞ ከማየት ሚስቱን ቢያማክር ኖሮ» አለች። ክርክሩ ጦፈ። ስለ ነጠላ ሰረዙ ያነሳ የለም። ያልታወቀች የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ የጻፈችው ነገር ሸኖ ላይ ጎልማሶችን አፋጠጠ! እርሳሴን አወጣሁና የሾፌሩን ጥያቄ ቃል በቃል ወረቀቷ ላይ ጻፍኩት፤ «ከዚያስ? ክረምቱን ምን በልታችሁ ከረማችሁ?» ከበታቹም «ወደ ደሴ የሚሄድ የጭነት መኪና ሾፌር የጠየቀሽ ነው» ብዬ ጨመርኩበት።

ደብረ ብርሃን የደረስኩት መሽቶ ነው። ወዳጄ የወረቀቱን መጨማደድ ሲያይ ክው አለ፤ የሆነውን ስነግረው ደግሞ ፊቱ በራ።

በማግስቱ የሆነው ግን ልብ ይሰብራል። ለውድድሩ የተፈቀደው አዳራሽ ጠዋቱን ለሌላ ስብሰባ ተሰጥቷል። ሜዳው ላይ ድንኳን ተተከለ። መብራት ጠፋ፤ ጄኔሬተሩ ነዳጅ የለውም። የክብር እንግዳው እስኪመጡ ልጆቹ በሁለት ሰልፍ ብርድ ላይ ቆሙ። እንግዳው ሲመጡ ንግግር አደረጉ፤ ከሳቸው በኋላ ሌላ ሰው ተናገረ፤ ከዚያ የኮሚቴው ሰው ሪፖርት አነበበ። ሁሉም ስለ ሥነ ጽሑፍና ስለ ትውልድ ነበር የሚያወሩት። በመርሐ ግብሩ መጨረሻ ላይ «ተሸላሚዎች ጽሑፋቸውን ያቀርባሉ» የሚል መስመር ነበረ። መድረክ መሪው ሰዓቱን አየና «ጊዜ ስለገፋብን ይህን እናልፈዋለን» አለ። ሦስቱ ልጆች ስማቸው ተጠርቶ ደብተርና እስክሪፕቶ በፌስታል ተቀበሉ፣ ፎቶ ተነሡ፣ ተቀመጡ። አንደኛ የወጣው ልጅ ወረቀቱን ጠቅልሎ በእጁ እንደያዘ ነበር፤ ሌሊቱን ሲለማመደው እንዳደረ እናቱ ነገረችኝ። ለዚያ ልጅ እስካሁን አዝናለሁ። በሥነ ጽሑፍ በዓል ላይ የተሰረዘው ብቸኛ ነገር ሥነ ጽሑፉ ነው። በብዙ ቦታ፣ በብዙ ዓመት ያየሁት ይህንን ነው። ይህ ነውር ነው፤ ሌላ ስም የለውም።

ሰው ሲበተን አንዱ የኮሚቴ አባል ካርቶኑን አየና «እሱ ስቶር ይግባ» አለ። ወዳጄ «ስቶር አይገባም» ብሎ ከእጁ ተቀበለው። ከግቢው ጥድ ሥር ቆመን ስም እየጠራን አደልን። መጀመሪያ የመጡት ጥቂት ነበሩ። «መልስ ተጽፎበታል!» የሚል ወሬ ሲሰማ ከበር የወጡት ሁሉ እየሮጡ ተመለሱ። አንዱም ልጅ ነጥቡን መጀመሪያ አላየም፤ ዓይናቸው የሚሄደው በእርሳስ ወደ ተጻፈው ነው። አንድ ቀጭን ልጅ «ቲቸር፣ ይሄን ሰው የት አየኸው ብለውኛል፤ አያቴ እኮ ነው!» እያለ ወዳጄን እጁን ይጎትተዋል።

የውርጯ ልጅ ወረቀቷን ተቀብላ ራቅ ብላ ቆመች። ኋላ ቀረበችኝና «ሾፌሩን ያውቁታል?» አለችኝ።

«ሸኖ ነው ያገኘሁት። ጮክ ብሎ አነበበው፤ ቤት ሙሉ ሰው ሰማሽ።»

ዝም አለች። ከዚያ «አባቴ አንዱን በሬ ሸጠ» አለችኝ። «ክረምቱን በሱ ነው የበላነው። በበጋው ያጎታችንን በሬ ተውሶ አረሰ።»

«ታዲያ ለምን አልጻፍሽውም?»

«ዳኞች ደስ የሚል መደምደሚያ ነው የሚፈልጉት ተብለናል።»

የልጆቻችን ድርሰት ለምን ሁሉም አንድ ዓይነት እንደሆነ የሚጠይቀኝ ሰው ካለ ከዚህ የበለጠ መልስ የለኝም። ልጅቱ መጻፉን አላጣችውም። ትልልቆቹ መስማት የምንፈልገው ምን እንደሆነ ገምታ እውነቱን በሬ ላይ ስትደርስ ቆረጠችው። ግምቷም ልክ ነበር፤ መስፈርቱ እንደዚያ ነው የሚለው። ለአንድ ሾፌር «ከዚያስ?» ግን ወዲያው አፏን ከፈተች።

ልጁን ሰምቶ «ከዚያስ?» ማለት እንግዳ ነገር አይደለም፤ የኛው ቅኔ ቤት ሲሠራበት የኖረ ነው። ዋሸራ ይሁን ጎንጅ፣ ዋድላም ቢሆን፣ የቅኔ ተማሪ መጀመሪያ የሚሰጠው ሁለት ስንኝ ብቻ ያላት ጉባኤ ቃና ናት። ቀን ከሰው ተለይቶ ዛፍ ሥር ሲቆጥር ይውላል፤ ሲመሽ የኔታ ፊት ቀርቦ ይነግራል። የኔታ ያርሙታል፣ ጓደኞቹ ይሰሙታል፣ ነገ ደግሞ አዲስ ይዞ ይመጣል፤ የትናንቱን መድገም አይቻልም። ከጉባኤ ቃና ወደ ዘአምላኪየ፣ እያለ እየረዘመ ይሄዳል። እዚያ ዋንጫ የለም፣ ሰርተፊኬትም የለም። የሚሰማው ጆሮና የሚያርመው መምህር ግን በየማታው አለ። ጉባኤ የሚባለው ይህ ነው። ዛሬ «የተማሪዎች የሥነ ጽሑፍ ጉባኤ» ብለን ባነር ሰቅለን ልጆቹን አድማጭ፣ ትልልቆቹን ተናጋሪ ስናደርግ የያዝነው ስሙን ብቻ ነው።

ዘመናዊው ትምህርት ቤትም የሚሰማ ጆሮን ዋጋ ያውቅ ነበር። ጸጋዬ ገብረመድህን አምቦ ገና ልጅ ተማሪ ሳለ ስለ ንጉሥ ዲዮኒሲየስ ቴአትር ጽፎ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ባሉበት ታይቶለታል። ያ ልጅ ኋላ ምን እንደሆነ ሁላችን እናውቃለን። በ1950ዎቹ ደግሞ አዲስ አበባ በነበረው ዩኒቨርሲቲ የኮሌጅ ቀን የሚባል በዓል ነበረ። ተማሪዎች በየዓመቱ የግጥም ውድድር ያደርጉ ነበር፤ ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው የተገኙበት ጊዜም አለ። ታምሩ ፈይሳ «ድሃው ይናገራል»ን፣ ኢብሳ ጉተማ «ኢትዮጵያዊ ማነው»ን፣ ገሞራው በ1959 ዓ.ም. «በረከተ መርገም»ን ያሰሙት በዚያ መድረክ ነው። ግጥሞቹ እየመረሩ ሲሄዱ መንግሥት አልወደደውም፤ ያም ሆኖ እነዚያን ግጥሞች ያስጻፋቸው ሽልማቱ አይመስለኝም። ከፊታቸው የሚሰማ ሰው ነበረ፤ የሚሰማውም ሰው ሊሰማው የሚገባ ነገር ነበረ።

ሽልማት አይጠቅምም እያልኩ አይደለም። ደብተር የሚቸግረው ልጅ ደብተር ይሸለም፣ መጽሐፍ ቢሆን ደግሞ ይበልጣል። ያነበበ ልጅ ነውና የሚጽፈው፣ ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ ሾላ ላይ የሕፃናት ቤተ መጻሕፍት ከፍተው፣ ሐዋሳ ደግሞ በአህያ ጋሪ መጽሐፍ እያዞሩ ያደረጉትን ሳስብ አንድ ውድድር ከሚያደርገው በላይ እንደሠሩ አምናለሁ። አዲስ አበባ ያለ ወጣትም ራስ ሆቴል «ግጥምን በጃዝ» ላይ ሰው ተሰልፎ ቲኬት ገዝቶ ግጥም ሊሰማ ሲገባ ያይ ነበር፤ ቃል ክብር እንዳለው በዓይኑ ይማር ነበር። ደብረ ብርሃን ላለችው ልጅ ያ ሩቅ ነው። ለሷ የሚቀርባት የትምህርት ቤቷ ሚኒ ሚዲያ ነው።

ወዳጄም ያደረገው እሱን ነው። መስከረም ላይ ትምህርት ሲጀመር፣ ጠዋት ከሰንደቅ ዓላማ ሥነ ሥርዓት በፊት በሚኒ ሚዲያው አንድ ተማሪ አንድ ገጽ እንዲያነብ አደረገ። ድምፅ ማጉያው ይንኮሻኮሻል፣ መብራት ሲጠፋ ልጁ ደረጃው ላይ ቆሞ በጩኸት ያነባል። ርዕስ አይሰጣቸውም፤ «ያየኸውን» ብቻ ነው የሚላቸው። የውርጯን ድርሰት ከነበሬው ያነበበችው ልጅቱ ራሷ ናት። ያን ዕለት የዘበኛው ጥያቄ «በሬው ስንት ተሸጠ?» የሚል እንደነበረ ወዳጄ በስልክ ነገረኝ።

አሁን ወደ እናንተ ልምጣ። ውድድር የምታዘጋጁ መምህራንና ኮሚቴዎች፣ እባካችሁ የልጆቹን ንባብ ከመርሐ ግብሩ መጀመሪያ ላይ አድርጉት፤ ጊዜ ከገፋ ንግግሩ ይሰረዝ። ከመስፈርቱ ላይ ለእጅ ጽሕፈት የሰጣችሁትን ነጥብ ቀንሱና ልጁ አይቶ ለጻፈው ነገር ጨምሩለት። ዳኛ ሆናችሁ የምትጠሩ ጸሐፍትና ጋዜጠኞችም ለያንዳንዱ ወረቀት አንድ ጥያቄ ሳትጽፉ አትመልሱ።

ለዘንድሮ ዓመት የሚሆን መነሻ ከፈለጋችሁ፣ የዓለም ፖስታ ኅብረት እ.ኤ.አ. ከ1971 ጀምሮ በየዓመቱ የሚያካሂደው የወጣቶች የደብዳቤ ውድድር አለ፤ ኢትዮጵያም እ.ኤ.አ. ከ1908 ጀምሮ የኅብረቱ አባል ናት። ዕድሜያቸው ከ9 እስከ 15 ዓመት የሆኑ ልጆች በየአገራቸው ፖስታ በኩል ነው የሚወዳደሩት። ርዕሶቹ ልጁን ከራሱ የሚያስነሡ ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ2021 ስለ ኮቪድ ያሳለፉትን ለቤተ ዘመድ እንዲጽፉ ነበር የተጠየቁት፣ በ2025 ደግሞ ራሳቸውን ውቅያኖስ አድርገው ለአንድ ሰው እንዲጽፉ። ደብዳቤ ስለሆነ ልጁ ገና ሲጀምር የሚጽፍለት ሰው አለው። ፖስታ ቤት ሄዶ መጠየቅ ነው። ውድድሩን ባታገኙትም ርዕሱን ክፍል ውስጥ መስጠት የሚከለክላችሁ የለም።

ወላጆች ደግሞ፣ ልጃችሁ ባለፈው ሰኔ ተወዳድሮ ከነበረ ሽልማት ባያገኝም ትምህርት ቤቱ ሂዱና ወረቀቱ ይመለስልን በሉ። ስቶር ውስጥ ነው ካሏችሁ፣ ቁልፉ እስኪመጣ ጠብቁ።